አንድ መናፈሻ በአራት ወቅት፡ አንድን ቦታ ደጋግሞ ፎቶ ማንሳት ምን ይጠቅማል?

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ትሮስተሩድ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ተመልሳ ትጠልቃለች። በሰኔ አጋማሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣና ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች።

ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ይህ ግር ያሰኛል። በአገር ቤት ንጋትና ምሽት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቁም። ኦስሎ ውስጥ ይህ ልማድ የሚሠራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ጥቂት ቀናት ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ለፎቶ አንሺ ትልቅ ትርጉም አለው። ፎቶግራፍ በብርሃን የሚሠራ ነገር ነው። ብርሃኑ ከወቅት ወቅት ይህን ያህል የሚለዋወጥ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ አንድን ሕንፃ ወይም አንድን ዛፍ በየወቅቱ የሚያነሳ ሰው በዓመቱ መጨረሻ እጁ ላይ የሚገኘው የአንድ ቦታ ሳይሆን የአራት ቦታዎች ምስል ሊመስለው ይችላል።

ለዚህ ሥራ ከኦስሎ መናፈሻዎች ሁሉ ብዙዎች የሚመርጡት የፍሮግነር መናፈሻን ነው። ከትሮስተሩድ የሚነሳ ሰው የምድር ባቡሩን ሁለት ቁጥር መስመር ይዞ፣ ሌላ ባቡር መቀየር ሳያስፈልገው፣ መሐል ከተማውን አቋርጦ ማዮርስቱየን ጣቢያ ይወርዳል። ከዚያ መናፈሻው በእግር የጥቂት ደቂቃዎች መንገድ ነው።

የፀሐይዋ ከፍታ ነገር

ኦስሎ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሁሉም ልዩነት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ወቅት፣ ኦስሎ ውስጥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 7 ዲግሪ እንኳ ለማይሞላ ከፍታ ነው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 53 ዲግሪ ተኩል ገደማ ትደርሳለች። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ውስጥ ዝቅተኛው የእኩለ ቀን ፀሐይ ከፍታ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው።

በሌላ አነጋገር የኦስሎ ከፍተኛዋ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአዲስ አበባ ዝቅተኛዋ የእኩለ ቀን ፀሐይ ታንሳለች።

ይህ በጥላ ሲለካ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቢቆም ጥላው አንድ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ዕለት ኦስሎ ውስጥ ደልዳላ መሬት ላይ ቢቆም ጥላው ከ14 ሜትር ይበልጣል።

የፀሐይዋ መውጫ አቅጣጫም እንዲሁ ይለዋወጣል። ኦስሎ ውስጥ በሰኔ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በታኅሣሥ ከደቡብ ምሥራቅ ትወጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ልዩነት 50 ዲግሪ አይሞላም።

ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ የኦስሎ ሕንፃ በብርዱ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ አያገኝም። በሰኔ ግን በማለዳና በምሽት ብርሃን ይነካዋል። እንዲህ ያለውን ሕንፃ ፀሐይ ሲያርፍበት ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው የዓመቱን ግማሽ መጠበቅ ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ተመሳሳይ ነገር አለ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በስተሰሜን በኩል ትሆናለች። በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ በጥር ወር እኩለ ቀን ላይ ጥላ የሚያጠላበት የሕንፃ ገጽ በግንቦት ብርሃን ያገኛል።

መናፈሻው እና ሕንፃዎቹ

የፍሮግነር መናፈሻ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በስፍራው ከነበረው ሰፊ የእርሻ ይዞታ ነው። በመናፈሻው ውስጥ ዛሬም ቆሞ የሚገኘው የይዞታው ዋና ቤት የተሠራው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ ክርስቲያንያ ትባል የነበረችው ከተማ ይዞታውን እ.አ.አ በ1896 ገዛችው። ቤቱም ከ1909 ጀምሮ የከተማዋን ታሪክ የሚዘክር ሙዚየም መኖሪያ ሆኗል።

እ.አ.አ በ1914 የኖርዌይ ሕገ መንግሥት አንድ መቶኛ ዓመት ሲከበር ትልቁ የኢዮቤልዩ ዐውደ ርዕይ የተካሄደው እዚሁ ነበር።

መናፈሻውን በዓለም ዘንድ ያስተዋወቀው ግን የቀራጺው ጉስታቭ ቪገላንድ ሥራ ነው። እ.አ.አ በ1921 ከተማዋ ከቪገላንድ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። ከተማዋ ለሥራና ለመኖሪያ የሚሆን ሕንፃ ትሠራለታለች፤ እሱም በምላሹ ሥራዎቹን ለከተማዋ ይሰጣል። ያ ከመናፈሻው ጥግ የሚገኝ ሕንፃ ዛሬ የቪገላንድ ሙዚየም ነው።

ቪገላንድ ከ200 በላይ ቅርጻ ቅርጾችን በነሐስ፣ በግራናይት ድንጋይና በብረት ከመሥራቱም በላይ የስፍራውን አጠቃላይ አቀማመጥ ራሱ ነድፏል። ከዋናው በር ተነስቶ 850 ሜትር የሚዘልቀው መስመር 100 ሜትር ርዝመት ባለው ድልድይ፣ በፏፏቴውና ‘ሞኖሊት’ በተባለው ሐውልት በኩል ያልፋል። በድልድዩ ግራና ቀኝ 58 የነሐስ ቅርጾች ቆመዋል።

ሞኖሊት ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ሲሆን 121 የሰው ምስሎች ተቃቅፈውና ተደራርበው ወደ ላይ ሲወጡ ያሳያል። ሦስት ድንጋይ ጠራቢዎች ከ1929 ጀምረው ለመጨረስ 14 ዓመታት ገደማ ወስዶባቸዋል። ቪገላንድ እ.አ.አ በመጋቢት 1943 ሲሞት መናፈሻው ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር።

ለፎቶ አንሺ ወሳኙ ነገር ነሐስና ድንጋይ ለብርሃን የሚሰጡት ምላሽ መለያየቱ ነው። ነሐሱ ጠቆር ያለ ስለሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ ሲያርፍበት በአንድ በኩል ያብረቀርቃል፤ በሌላው በኩል ይጨልማል። ስለዚህ ደመና የሸፈነው ቀን ይስማማዋል። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ድንጋይ ግን በደመና ቀን ጠፍጣፋ ይመስላል። የጠራቢዎቹ እጅ ያረፈበት ጎድጓዳውና ጉብታው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው።

ወቅቶቹን ምን ብለን እንጥራቸው?

ስለ ኖርዌይ ወቅቶች በአማርኛ ሲወራ አንድ ችግር ያጋጥማል። ‘ክረምት’ ለኢትዮጵያውያን የዝናብና የጭቃ፣ የጉምና የነጎድጓድ ጊዜ ነው። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ያ ጊዜ በአብዛኛው በኦስሎ የሙቀትና የረጅም ቀን ወቅት ነው።

የኦስሎ በረዶ የሚወርደው ደግሞ በአገር ቤት መፀውና በጋ በሚባሉት ወራት፣ አዝመራ ተሰብስቦ ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ወቅቶቹን በብርሃናቸውና በመልካቸው መጥራት ይሻላል።

የበረዶው ወቅት

በረዶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያዝናል። ዓይኑ ያየው ነጭ ሆኖ ሳለ ፎቶው ግራጫ ይወጣል።

ምክንያቱ ካሜራው ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተሠራው የሚያየው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። ነጭ በረዶ ሲሞላበት ‘ብርሃን በዛ’ ብሎ ያጨልመዋል። መፍትሔው ካሜራውን ከራሱ ግምት በአንድ ወይም በሁለት እርከን ወደ ብሩህነት መግፋት ነው።

በስልክም ይህን ማድረግ ቀላል ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ማያው ላይ በጣት ነካ ሲደረግ የፀሐይ ምልክት ይወጣል። ምልክቱን ወደ ላይ መሳብ በረዶውን ወደ ነጭነቱ ይመልሰዋል። በተቃራኒው የጨለመ የነሐስ ቅርጽ ማያውን ሲሞላው ስልኩ ያለ ልክ ያበራዋል፤ ያኔ ምልክቱን ወደ ታች መሳብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ቀለሙ ነው። በጥላ ውስጥ ያለ በረዶ ሰማያዊ ይመስላል። ይህ የካሜራ ስህተት አይደለም። ጥላው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከፀሐይ ሳይሆን ከሰማያዊው ሰማይ የመጣ በመሆኑ ነው። ሰማያዊውን ጨርሶ ማጥፋት ቅዝቃዜውንም ከፎቶው ያጠፋል።

ሦስተኛው ችግር ባትሪ ነው። በስልክና በካሜራ ውስጥ ያሉት የሊቲየም ባትሪዎች ብርድ ላይ አቅማቸው ይቀንሳል። ስልክን ከሰውነት ሙቀት አጠገብ፣ በውስጥ ኪስ መያዝ ይረዳል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም በካሜራው ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ከመግባት በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማሰርና ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ እስኪሞቅ ድረስ አለመክፈት ከጉዳት ያድነዋል።

የበረዶው ወቅት የሚሰጠው ትልቅ ስጦታ ግን አለ። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ስለምትቆይ፣ ሌላ ቦታ በማለዳና በምሽት ብቻ የሚገኘው ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን እዚህ እኩለ ቀን ላይም ይገኛል። 17 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሞኖሊት መሬቱ ደልዳላ ቢሆን ኖሮ ጥላው በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከ140 ሜትር በላይ ይዘረጋ ነበር።

ቅጠል የሚያቆጠቁጥበት ወቅት

በረዶው ቀልጦ ቅጠሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ለብዙ ሰው የማያምሩ ናቸው። ሣሩ ቡናማ፣ ዛፉ እርቃኑን፣ መንገዱ አፈር የለበሰ ነው።

ሕንፃ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ይህ የተሻለው ጊዜ ነው። በረጅሙ ቀን ወቅት በቅጠል የሚሸፈነው አሮጌው የፍሮግነር ቤት፣ የጣሪያው መስመርና የመስኮቶቹ አደራደር ሳይጋረዱ ይታያሉ። ፀሐይዋም ከታኅሣሡ ከፍ ስላለች ብርሃኑ ግድግዳውን ሁሉ ይደርሳል።

ግንቦት 9 ቀን ኖርዌጃውያን የሕገ መንግሥታቸውን በዓል ያከብራሉ። በዚያ ሰሞን ዛፎቹ አዲስ ለጋ ቅጠል ያወጣሉ። ያ ለጋ አረንጓዴ ከሳምንታት በኋላ ጠቁሮ ስለሚጠፋ፣ አንድን ቦታ በየሳምንቱ የሚያነሳ ሰው ብቻ ሙሉ ለውጡን ይይዛል።

የረጅሙ ቀን ወቅት

በሰኔና በሐምሌ ችግሩ የብርሃን እጥረት ሳይሆን ብዛት ነው። መናፈሻው በሰው ይሞላል። የመናፈሻው የጽጌረዳ ስፍራ የሚያምረውም በዚህ ወቅት ነው።

የመናፈሻው ዋና መስመር ከዋናው በር ወደ ሞኖሊት ሲታይ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘልቅ ነው። በጠዋት ፀሐይዋ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ሆና ሐውልቱን ታበራለች። በረጅሞቹ ቀናት ምሽት ግን ከሐውልቱ በስተጀርባ በኩል ትሆናለች፤ ሞኖሊትም ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ በጥቂት ሰዓታት ልዩነት የተነሱ ሲሆኑ አንዱ የድንጋዩን ዝርዝር፣ ሌላው የሐውልቱን አጠቃላይ ቅርጽ ያሳያሉ።

ሰው የሌለበት ድልድይ ማንሳት የፈለገ ሰው ማልዶ መነሳት አለበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ጎብኚው ግን ገና አልነቃም።

ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት

በኢትዮጵያ ተራሮች አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ በሚያለብስበት ሰሞን፣ በኦስሎም ቢጫው ይጀምራል። ልዩነቱ አንዱ የመፍካት፣ ሌላው የመርገፍ ቢጫ መሆኑ ነው።

የቅጠል አረንጓዴነት የሚመጣው ክሎሮፊል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ ክሎሮፊሉን መሥራት ያቆማል፤ ያለውንም ያፈርሳል። ያኔ ቀድሞውኑ በቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል። በአንዳንድ ዛፎች ላይ የሚታየው ቀይ ቀለም ግን በዚያው ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው።

ይህ ወቅት አጭር ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ብርቱ ነፋስ ቀለሙን በአንድ ሌሊት መሬት ላይ ሊያረግፈው ይችላል። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ብርሃን የተሻለ ነው፤ የረጠበ ቅጠልና የረጠበ ነሐስ ቀለማቸው ይደምቃል።

ለአራቱ ወቅት አንድ ደንብ

ይህን ሥራ ለመሥራት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አለመለዋወጥ ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው መቆሚያ ነው። በየወቅቱ ተመልሶ በቀላሉ የሚገኝ፣ የማይነቃነቅ ምልክት ያለው ቦታ መሆን አለበት፦ የደረጃ ጫፍ፣ የአጥር ምሰሶ፣ የድልድይ ጥግ። ከዚያ የካሜራው ቁመትና የሌንሱ ስፋት ይወሰናል። በስልክ የሚያነሳ ሰው በየጊዜው ምስሉን ማቅረብና ማራቅ የለበትም።

የመጀመሪያውን ፎቶ በስልክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከፊት ለፊት ካለው እይታ ጋር ማስተያየት በጣም ይረዳል። የሕንፃው ጥግ ከየትኛው ቅርንጫፍ ጋር እንደተገናኘ፣ የጣሪያው ጫፍ ከምስሉ አናት ምን ያህል እንደራቀ ማየት በቂ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መመዝገብም ያስፈልጋል። ስልኮች ይህን በራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ነገር ግን ፎቶዎች በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎች ሲላኩ ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናውን ቅጂ ለብቻ ማስቀመጥ ይገባል።

በዚህ ዘዴ ምን መሥራት እንደሚቻል ካሳዩት ሰዎች አንዱ በወቅቱ የኖርዌይ ሕዝባዊ ማሰራጫ ኤንአርኬ ባልደረባ የነበረው ኤሪክ ሱልሃይም ነው። ከአንድ ቦታ ሆኖ በ2008 ዓመቱን ሙሉ ያነሳቸውን ምስሎች አገጣጥሞ፣ አንድ ዓመት በ40 ሰከንድ ሲያልፍ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርቷል። ፊልሙ በበይነ መረብ ብዙ ተመልካች አግኝቷል።

ፎቶ እንደ ማስረጃ

ከአንድ ቦታ ደጋግሞ ማንሳት ከመዝናኛ ያለፈ ጥቅም አለው። ተመራማሪዎች የመሬት ገጽታ እንዴት እንደተለወጠ ለማወቅ ይጠቀሙበታል።

በኖርዌይ የመሬት ገጽታ ተመራማሪው ኦስካር ፑሽማን፣ ፎቶ አንሺው አክሰል ሊንዳል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያነሳቸውን ቦታዎች ፈልጎ፣ በዚያው መቆሚያ ላይ ሆኖ እንደገና አንስቷቸዋል። ጥንድ ፎቶዎቹ ሲተያዩ ብዙ ስፍራ ላይ የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው በዛፍ ተውጦ ይታያል።

ኢትዮጵያም የዚህ ጥናት ታዋቂ ምሳሌ አላት። እ.አ.አ በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እነዚያ ፎቶዎች የተነሱባቸውን የሰሜን ኢትዮጵያ ስፍራዎች ከ140 ዓመታት በኋላ አግኝተው እንደገና አነሷቸው።

እ.አ.አ በ2009 የታተመው ጥናታቸው ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ውጤት አሳይቷል። በተነጻጸሩት ስፍራዎች በአጠቃላይ የዕፅዋት ሽፋኑ ከ1868 ይልቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያት ተብለው ከተጠቀሱት መካከል የአካባቢው ገበሬዎች የሠሩት እርከንና የአፈር ጥበቃ ሥራ ይገኝበታል።

በጥንት ዘመን አገሩ ሁሉ ደን ነበር የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ይነገራል። ፎቶዎቹ ግን ቢያንስ በእነዚያ ስፍራዎች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራሮች ቀድሞውኑ የተራቆቱ እንደነበሩ አሳዩ። አንሺዎቹ ወታደሮች ይህን ለማስረዳት አላሰቡም። የጉዟቸውን መንገድ መዝግበው ማለፋቸው ብቻ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌላ ጥያቄ መልስ ሆነ።

የኦስሎ ወቅቶችም ራሳቸው እየተለወጡ ነው። በከተማዋ የብሊንደርን የአየር ጠባይ ጣቢያ መዝገብ መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ1961 እስከ 1990 በነበሩት ዓመታት 5.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ከ1991 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት 7 ዲግሪ ደርሷል። በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ የሚነሳ የመናፈሻ ፎቶ፣ ሐይቁ በረዶ መሥራቱንና አለመሥራቱን ጭምር መዝግቦ ያስቀምጣል።

ሰውና ሕግ

መናፈሻ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። የሰውን የፈጠራ ሥራ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ? የማያውቁትን ሰውስ?

በኖርዌይ ሕግ ሕንፃዎችን ያለ ፈቃድ በምስል ማስቀረት ይቻላል። በአደባባይ በቋሚነት የቆመ የጥበብ ሥራንም እንዲሁ። ነገር ግን የጥበብ ሥራው የፎቶው ዋና ትኩረት ከሆነና ፎቶው ለንግድ የሚውል ከሆነ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ መብት ፈጣሪው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመታት ይቆያል። ቪገላንድ የሞተው በ1943 በመሆኑ የሥራዎቹ ጥበቃ በ2013 ማብቂያ ላይ አክትሟል።

የሰው ምስል ግን ሌላ ነገር ነው። የአንድን ሰው ፎቶ ለሕዝብ ለማሳየት በመርህ ደረጃ የሰውየው ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕጉ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎችም ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ ሰውየው በፎቶው ውስጥ ከዋናው ጉዳይ ያነሰ ቦታ ሲኖረው። በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም ለሕዝብ ማሳየት ነው። ሣር ላይ ፀሐይ የሚሞቅን ሰው ወይም የሚጫወቱ የሌላ ሰው ልጆችን አንስቶ መለጠፍ ከጨዋነት መጉደል ባሻገር ከሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በመናፈሻዎችና በመንግሥት ሕንፃዎች አካባቢ አስቀድሞ ጠባቂዎችን መጠየቁ ከጣጣ ያድነዋል።

ማንም የማያነሳው ሰፈር

የፍሮግነር መናፈሻ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። የዛሬ መቶ ዓመት ድልድዩ በ2020ዎቹ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የፎቶ እጥረት አያጋጥመውም።

ባቡሩ የተነሳባት ትሮስተሩድ ግን እንዲህ አይደለችም። በኦስሎ ዙሪያ የብዙ ሰፈሮች ስም መጨረሻ የሆነው ‘ሩድ’ ተመንጥሮ የቀና መሬት ማለት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የቀድሞው የእርሻ መሬት የመኖሪያ ፎቆች ተሠሩበት። የምድር ባቡሩ እ.አ.አ በ1974 ደረሰ። ዛሬ በግሩሩድ ሸለቆ ከሚገኙ፣ ከተለያዩ አገራት የመጡ ሰዎች ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዷ ናት። ከጀርባዋ የኦስትማርካ ደን አለ።

ሸለቆው በለውጥ ላይ ነው። መንግሥትና ከተማዋ ከ2007 ጀምሮ የሸለቆውን መናፈሻዎች፣ መንገዶችና መሰብሰቢያዎች ለማሻሻል የጋራ መርሐ ግብር እያካሄዱ ሲሆን፣ ትሮስተሩድና አጎራባቿ ሃውገሩድም በዚሁ ታቅፈዋል። ከለውጡ በፊት ያለውን መልክ የሚመዘግበው በአብዛኛው ነዋሪው ራሱ ነው።

የከተማ መልክ ምን ያህል በፍጥነት ሊጠፋ እንደሚችል ኢትዮጵያውያን በቅርቡ አይተዋል። እ.አ.አ በ2024 አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት ሥራ ሰፊ የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ሰዎች የልጅነት ሰፈራቸውን ፎቶዎች መፈለግና መለዋወጥ ጀመሩ። ሐውልቶቹና ታዋቂዎቹ ሕንፃዎች ፎቶ አላቸው። የሱቁ ደጃፍ፣ የጠበበው መንገድ፣ የግቢው ዛፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኙት በአንድ የሠርግ ወይም የልደት ፎቶ ጀርባ ላይ፣ በአጋጣሚ ነው።

በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ በ2019 የተከፈተው የአንድነት ፓርክም ሆነ በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለዚህ ሥራ ምቹ ናቸው። የምኒልክ ዘመን ሕንፃዎች በመስከረም የጠራ ብርሃንና በሐምሌ ጉም የተለያየ መልክ አላቸው። ነገር ግን ዘዴው ለአንድ ተራ የኮንዶሚኒየም ግቢም እኩል ይሠራል።

በትሮስተሩድ የሚኖር ሰው ወደ ፍሮግነር ለመሄድ ባቡር ከመሳፈሩ በፊት፣ ከጣቢያው ደጃፍ ወይም ከራሱ በረንዳ አንድ ፎቶ ማንሳት ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ ሌላ አንድ። በዓመት አራት ፎቶ ማለት ነው፤ በአሥር ዓመት አርባ። እዚያ ያደጉ ልጆች አድገው ‘ሰፈራችን ምን ይመስል ነበር?’ ብለው ሲጠይቁ የሚያሳያቸው ነገር ይኖረዋል።